ታብሌት ወይስ ኪንድል?

ዛሬ ከሰዓት ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ ሻጩን አሰለቸሁት። ስልክ ላይ ማንበብ ዓይኔን ጨርሶታል፤ ወይ ታብሌት ወይ ኪንድል (የዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ) ልገዛ ነበር። ልጁ ባለ 10 ኢንች ታብሌት አበራልኝ። ቀለሙ ሲያምር! «እስኪ በራፍ ላይ ልየው» አልኩት። ሳቀ፣ ግን ፈቀደ። ፀሐይ ሲያርፍበት ከጽሑፉ ይልቅ የራሴ ፊት ነው የታየኝ፣ ከነላቤ። እኔ ደግሞ የማነበው ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ነው።

ያገለገለ ኪንድልም ነበረው፣ ባለ 6 ኢንች። ይሄኛው ስክሪን እንደ ወረቀት የውጭውን ብርሃን ስለሚመልስ ፀሐይ ላይ ጭራሽ ይጠራል። ባትሪውን በዋናነት የሚበላው ገጽ ሲቀየር ስለሆነ፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ብዙም ደንታ የለውም። ልቤ ሸፈተ።

ከዚያ ፍላሼ ላይ ካሉት የአማርኛ ፒዲኤፎች አንዱን በሱቁ ኮምፒውተር ጫነልኝ። ወይ ጉድ! ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ መሰለ፤ «ሀ»ን ከ«ሁ» ለመለየት አፍንጫዬን ስክሪኑ ላይ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝ። ላጉላው ስል ደግሞ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ወዲህ መግፋት ነው። ስካን የተደረገ ገጽ ለማሽኑ ፎቶ ነው፤ እንደ ኢፐብ (ጽሑፉ ከስክሪኑ ስፋት ጋር የሚስተካከል የመጽሐፍ ፋይል) ፊደሉን ብቻ አስፍተህ መስመሩ ራሱን እንዲያስተካክል ማድረግ አትችልም። እኔ ጋ ያሉት የአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ አብዛኞቹ ስካን ናቸው (አዎ፣ ከቴሌግራም የለቃቀምኳቸው፣ አትፍረዱብኝ)።

ባዶ እጄን ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ። ባለ 8 ኢንች ታብሌት ያላችሁ፣ ፒዲኤፍ ሳያጎሉ ይነበባል?