ሦስት ሳምንት ከደብል ኮማንደር ጋር

ከጥፋቴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት አክስቴ ስለ ልጅነቷ ያወራችልኝን ቅጂ አጠፋሁት።

የድምፅ መቅጃዬ ለቅጂዎቹ ስም የሚሰጠው በቁጥር ነው። 001፣ 002፣ 003 እያለ ይቀጥላል። ሚሞሪ ካርዱን ባዶ ሳደርገው ደግሞ እንደገና ከ001 ይጀምራል። ይህን በደንብ አውቃለሁ። ግን ማወቅ ሌላ፣ በድካም ሰዓት ማስታወስ ሌላ። አንድ ማታ አዲስ የቀዳሁትን ከካርዱ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ በማውስ ጎተትኩት። ስለቀው ያረፈው ካሰብኩት ፎልደር ላይ ሳይሆን ከበላዩ ባለው የአክስቴ ፎልደር ላይ ነበር። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች እንዳሉ ነገረኝና ይተኩ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዓይኔ ጥያቄውን አላነበበም። ሁሉም ይተኩ አልኩ። 14 ፋይል በ14 ፋይል ተተካ።

የጠፋ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይገኛል። የተተካ ፋይል ግን እዚያ አይገባም። ሌላ ቅጂ ከሌለው አለቀ። እኔም አልነበረኝም።

ለአክስቴ ስነግራት አልተቆጣችም። «ምን ችግር አለው ልጄ፣ አፌ እዚሁ አለ፤ ደግመሽ ጠይቂኝ» አለችኝ። ጠየቅኳት፤ ደግማ ነገረችኝ። ታሪኩ ያው ነው። ግን በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ስለ ወንድሟ ጫማ ስታወራ ከት ብላ የሳቀችበት ቦታ ነበር። በሁለተኛው እዚያው ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ያ ሳቅ አሁን የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ፋይል በጎተትኩ ቁጥር ልቤ ይመታል። ፎልደር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ተመልሼ አያለሁ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ይህን ያየች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «አንቺ የሚያስፈልግሽ ባለ ሁለት ጎን የፋይል ማኔጀር ነው» አለችኝ። ፋይል የምናይበት፣ ኮፒ የምናደርግበትና የምናዛውርበት ፕሮግራም ማለት ነው። የምትጠቀምበትን አሳየችኝ። ደብል ኮማንደር ይባላል። ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ይሠራል። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቢሮ ያለው ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ ነው፤ ቤት ያለው ሊኑክስ። ሁለቱም ላይ ጫንኩት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

ሲከፈት መልኩ አይማርክም። መስኮቱ መሀል ለመሀል ለሁለት ተከፍሏል። በግራ አንድ ፎልደር፣ በቀኝ ሌላ ፎልደር። ፊደሉ ትንሽ ነው፤ ከላይ የተደረደሩት ምልክቶች ያረጁ ይመስላሉ። ከታች ደግሞ የኤፍ ቁልፎች ስም ተጽፏል። አንዱን ጎን ትመርጣላችሁ፤ ታብ ስትጫኑ ወደ ሌላው ይሻገራል። ፋይሉ ላይ ቆማችሁ ኤፍ 5 ስትጫኑ ከቆማችሁበት ጎን ወደ ሌላው ጎን ኮፒ ያደርጋል። ኤፍ 6 ያዛውራል፣ ኤፍ 7 አዲስ ፎልደር ይከፍታል፣ ኤፍ 8 ያጠፋል። ኤፍ 3 ፋይሉን ሳያስነካ ያሳያል። ዋናው ነገር ይሄው ነው። የቀረውን ቀስ እያሉ መልመድ ይቻላል።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ገባኝ። በለመድኩት መንገድ ኮፒ ሳደርግ መነሻውን አያለሁ፤ መድረሻውን ግን በጭንቅላቴ ይዤ ነው የምሄደው። ኮፒ ብዬ ያንን ፎልደር እዘጋለሁ፣ ሌላ እከፍታለሁ፣ ፔስት እላለሁ። መሀል ላይ ስልክ ከጠራ ወይም ሰው ካናገረኝ ምን እንደያዝኩና ወዴት እንደምሄድ ይጠፋኛል። እዚህ ግን መነሻውም መድረሻውም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ኤፍ 5 ስጫንም ወዲያው አይሄድም። ወዴት እንደሚወስደው ሙሉ አድራሻውን ጽፎ ያሳየኛል። እሺ ካልኩት በኋላ ነው የሚጀምረው።

ባልደረባዬ ጣቶቿ እነዚህን ቁልፎች ሳታይ ነው የሚያገኟቸው። ድሮ በሌላ ፕሮግራም ነው የለመደቻቸው። ነገሩ በእርግጥም የቆየ ነው። ኖርተን ኮማንደር የሚባለው ፕሮግራም በ1986 እ.ኤ.አ. ዶስ ለሚባለው የያኔው ስርዓተ ክወና ሲወጣ ይህንኑ ሁለት ጎን ይዞ ነው የመጣው። የጻፈው ጆን ሶቻ ነው። በዶስ ዘመን ሰው የሚሠራው በኪቦርድ ስለነበር ሁሉም ነገር በኤፍ ቁልፎች ላይ ተደረገ። ከዚያ በ1993 ክርስቲያን ጊስለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ዊንዶውስ ኮማንደርን አወጣ። ስሙ በ2002 ቶታል ኮማንደር ተብሎ ተቀየረ። ደብል ኮማንደር የተሠራው የእሱን አሠራር ተከትሎ ነው። ከ1986 እስከ ዛሬ ኤፍ 5 ኮፒ ነው። አንድ ሰው በወጣትነቱ የለመደውን ቁልፍ ሳይቀየርበት እስከ እርጅናው ቢጠቀምበት ደስ ይለኛል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ቁልፍ የሚቀይሩት ልክ ሲለመድ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሆን ብዬ ያንን የድሮ ስህተቴን ደገምኩት። ለሙከራ ሁለት ፎልደር አዘጋጀሁ፤ ሁለቱም ውስጥ 003 የሚባል ፋይል አለ። ኤፍ 5 ተጫንኩ። የወጣው ጥያቄ የሁለቱንም ፋይል መጠንና ቀን አንዱን ከአንዱ በታች ጽፎታል። ያለው 48 ሜጋባይት፣ ሊተካው የመጣው 6 ሜጋባይት። ቀናቸው በአራት ወር ይራራቃል። እነዚህን ሁለት መስመሮች ለጥቂት ጊዜ አፍጥጬ አየኋቸው። በዚያ ማታ እንዲህ ተጽፎ ቢመጣልኝ 48ን በ6 አልተካም ነበር። ቢያንስ እጄ ይቆም ነበር። ከምርጫዎቹ መሀል አዲሱን በሌላ ስም አስቀምጥ የሚልም አለ። አሁን ሁልጊዜ የምመርጠው እሱን ነው።

ግን አደጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ኤፍ 5 የሚሠራው ከቆማችሁበት ጎን ወደ ሌላው ነው። የቆማችሁበትን ጎን ከተሳሳታችሁ አሮጌውን በአዲሱ ላይ ልትጭኑት ትችላላችሁ። አንድ ጊዜ ሊደርስብኝ ነበር። በግራ ያለሁ መስሎኝ በቀኝ ነበርኩ። ያዳነኝ የተጻፈውን አድራሻ ማንበቤ ነው። ስለዚህ የቆምኩበት ጎን በደንብ እንዲለይልኝ የጠቋሚውን መስመር ቀለም ከማስተካከያው ገብቼ አጉልቼዋለሁ። ፊደሉንም አሳድጌዋለሁ። ማስተካከያው በጣም ሰፊ ነው፤ እውነት ለመናገር ግማሹን አልነካሁትም።

ኤፍ 6ን በተመለከተም አንድ ልማድ ይዣለሁ። ፋይል በአንድ ዲስክ ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር ሲዛወር ፋይሉ ራሱ ከቦታው አይነሳም፤ የሚቀየረው አድራሻው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ትልቅ ፋይል እንኳ በቅጽበት የሚያልቀው። ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ሲሆን ግን ኮምፒውተሩ ኮፒ ያደርግና የመጀመሪያውን ያጠፋል። መሀል ላይ ገመዱ ቢላቀቅ የትኛው እንዳለፈ የትኛው እንደቀረ መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ ከካርድ ወደ ዲስክ ኤፍ 6 አልጠቀምም። ኤፍ 5 አደርጋለሁ፣ ሁለቱን ጎን አስተያያለሁ፣ ከዚያ ብቻ ካርዱ ላይ ያለውን አጠፋለሁ።

ለማስተያየቱ ሥራ ደግሞ ፎልደሮችን የሚያመሳስል ክፍል አለው። በጣም የወደድኩት እሱን ነው። በግራ የዋናው ዲስክ ፎልደር፣ በቀኝ የባክአፑ። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ በዚህ ያለ በዚያ የሌለውን፣ በስም አንድ ሆኖ የሚለያየውን እያወጣ ይዘረዝራል። የፋይሎቹን ይዘት ራሱን እንዲያነጻጽርም ማዘዝ ይቻላል። ያኔ ጊዜ ይወስዳል፤ ምክንያቱም ሁለቱንም ከዳር እስከ ዳር ያነባል። አንድ እሑድ ከሰዓት ትቼው ሄድኩ። ስመለስ ሦስት ቅጂዎች ባክአፑ ላይ ጭራሽ እንዳልነበሩ አገኘሁ። አሉ ብዬ ስንት ወር ተኝቻለሁ።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። 001 የሚባል ስም ነው ይህን ሁሉ ያመጣብኝ። ደብል ኮማንደር ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ስም የሚቀይር ክፍል አለው፤ ኮንትሮልና ኤም ሲጫኑ ይከፈታል። የድሮው ስም በአንድ በኩል፣ ሊሆን ያለው ስም ከጎኑ ይታያል። ምንም ሳይነካ ውጤቱን አስቀድሞ ያሳያል ማለት ነው። ለ62 ቅጂዎች ቀኑን ከፊት አደረግኩ፣ ቀጥሎ የሰውየውን ስም፣ ቀጥሎ ተራ ቁጥሩን። ሁሉንም በአማርኛ። ከቡና ስኒዬ ሳልነሳ አለቀ።

አንዱ ብቻ እምቢ አለ። የአክስቴ ሁለተኛው ቅጂ ነው። ስሙን አስረዝሜው ነበር። ስለ ምን እንዳወራች፣ ማን አብሮ እንደነበር፣ ለምን እንደተደገመ፣ ሁሉንም ስሙ ውስጥ ጻፍኩት። ሊኑክሱ አልቀበልም አለ። አንድ ሁለት ቃል ቀነስኩ፤ አሁንም እምቢ። ፊደሎቹን ቆጠርኳቸው። መቶ እንኳ አይሞሉም። ለፋይል ስም የተፈቀደው 255 ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ግራ ገባኝ።

መልሱ ቆጠራው ላይ ነው። ሊኑክስ 255 የሚለው ፊደል ሳይሆን ባይት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ መረጃ የሚለካበት ትንሽ መስፈሪያ፣ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል። የእኛ ፊደል ግን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ሲጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው። 255 ለሦስት ሲካፈል 85። ከ85 ፊደል በላይ በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት አይቻልም። በቃላት መሀል ያለው ክፍተትና ተራ ቁጥሮች አንድ አንድ ባይት ስለሆኑ ትንሽ ያቀላሉ፤ ነጠላ ሰረዛችንም ግን ሦስት ነው። ዊንዶውስ በሌላ መንገድ ስለሚቆጥር እዚያ ፊደላችን እንደማንኛውም ፊደል አንድ ነው። በሁለቱም ለሚሠራ ሰው 85ን መያዝ ይሻላል። እኔ 60 ላይ ለማቆም ወሰንኩ። የቀረውን ዝርዝር ከቅጂው ጎን በተቀመጠ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ እጽፈዋለሁ።

ከስም ጋር የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። አንደኛው የቁጥር አደራደር ነው። ኮምፒውተር ቅጂ 1፣ ቅጂ 10፣ ቅጂ 2 እያለ ሊደረድር ይችላል። ከማስተካከያው ውስጥ ቁጥሮችን እንደ ቁጥር አይቶ እንዲደረድር ማድረግ ይቻላል፤ ወዲያው አስተካከልኩት። ሁለተኛው ፍለጋ ነው። «ፀሐይ» ብዬ የጻፍኩትን «ጸሀይ» ብዬ ብፈልገው አይገኝም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ የተለያየ ፊደል ነው። የትኛውም የፋይል ማኔጀር ይህን አያውቅልንም። የማደርገው፣ በሚያጠራጥረው ፊደል ቦታ የኮከብ ምልክት አስገብቼ መፈለግ ነው። ኮከቡ ማንኛውንም ነገር ስለሚቀበል ሁለቱንም አጻጻፍ ያመጣልኛል። አልፎ አልፎ የማልፈልገውንም ያመጣል፤ ለሱ ግድ የለኝም።

ለፎቶ ግን አልመርጠውም። ምስሎችን በትንንሹ ማሳየት ይችላል፤ ቢሆንም ፎቶ ለመምረጥ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ይሻለኛል። ያኛውን ከኮምፒውተሬ አላጠፋሁትም። ፎቶ ሲሆን እሱን፣ ድምፅና ጽሑፍ ሲሆን ይህን።

ትናንት ማታ የአክስቴን ፎልደር በግራ፣ የባክአፑን በቀኝ ከፈትኩ። ያቺ ሁለተኛዋ ቅጂ በሁለቱም ጎን አለች፤ በአዲሱ አጭር ስሟ፣ በአንድ ዓይነት መጠን። ቅዳሜ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። ስለ ወንድሟ ጫማ ሦስተኛ ጊዜ ልጠይቃት ነው። የመቅጃዬን ባትሪ ሞልቻለሁ፤ የሚገባበትንም ፎልደር በኤፍ 7 ከፍቼ ስም ሰጥቼዋለሁ።