ሁለት የአዋቂ እርምጃ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ዋለ። ደመናው ዝቅ ብሏል። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ድብርት ተጭኖኛል። ምን ሆንኩ ብዬ ራሴን ብጠይቅ መልስ የለኝም። ነሐሴ እንዲህ ያደርገኛል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አመሻሽ ላይ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ የግቢያችን በር ላይ ያለውን በርሜል ቆም ብዬ አየሁት። በየቀኑ አጠገቡ አልፋለሁ እኮ። ግን አላየውም። ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ከየቤቱ ገንዘብ ሰብስቦ የገዛው። ያኔ ቧንቧ ነበረው። ፈሳሽ ሳሙና በሃይላንድ ተደርጎ ጎኑ ላይ ይንጠለጠል ነበር። አሁን ቧንቧው የለም። ጥበቃው ጋሼ የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙበታል። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የነበረው ወረቀት ተልጦ «እጅዎን ሳይታጠቡ» የሚለው ብቻ ቀርቷል።

ስለ በርሜሉ ትንሽ ልጽፍ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ሻይ አፈላሁ። ከዚያ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ጮኸ። ልብሱን ላወጣ ስሄድ እትዬ ትዝ አሉኝ። ከእሳቸው በኋላ ስለ በርሜሉ ማሰብ አልቻልኩም።

እትዬን ታስታውሷቸዋላችሁ። ሐሙስ ሐሙስና እሁድ እየመጡ ልብስ የሚያጥቡልኝ። አራት ዓመት ሙሉ አጥበውልኛል። ሲያጥቡ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ቡና ሲጠጡ ግን ጨዋታቸው የማያልቅ።

የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ የተባለው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ዓርብ ነበር፣ ቢሮ ነበርኩ። ሰኞ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ብዙም ሳይቆይ እኛም ከቤት ሥሩ ተባልን። ላፕቶፔን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ደሞዜ እንደ ወትሮው በወሩ መጨረሻ ባንክ ይገባልኝ ነበር። አንድ ሳንቲም አልጎደለብኝም። ይህንን የምጽፈው ያኔ ስለተከራከርኩት ሁሉ ሳስብ መጀመሪያ መነገር ያለበት እሱ ስለሆነ ነው።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ቀረ። በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይሁን ተባለ። ታክሲ ግማሽ ሰው መጫን ጀመረ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። እኔ ያ ታክሲ ደስ ይለኝ ነበር። ማንም አይጋፋኝም። መስኮቱን ከፍቼ ብቻዬን ዘርጋ ብዬ እቀመጣለሁ። እጥፍ መክፈል ለእትዬ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም። እሳቸው ወደ እኔ ለመምጣት ሁለት ታክሲ ነው የሚይዙት፣ ለመመለስም ሁለት።

ስልክ ስንደውል ገና ሳይጠራ የጥንቃቄ መልእክቱ ይቀድም ነበር። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን ቁጥር እንጠብቃለን። ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት አረፈ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላልቻለች ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ቆመች። እስከ ሌሊት ድረስ አልተቀመጠችም። «እማዬ ቤት ውስጥ እኮ ነን፣ አረፍ በይ» ብላት ገላመጠችኝ።

እናቴ ስኳር አለባት። ለዚህ ነው እኔ ይጠበቅ ይል ከነበረው ወገን የሆንኩት። ከጣሊያን ቤርጋሞ የሬሳ ሳጥን የጫኑ ወታደራዊ መኪናዎች ሲወጡ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። እነሱ ያን ሁሉ ሆስፒታል ይዘው እንዲያ ከሆኑ እኛማ አለቅን አልኩ። ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ባይ ነበርኩ። ወንድሜ ደግሞ በተቃራኒው። እሱ መርካቶ የልጆች ልብስ ይሸጣል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ በዓል በቤት ሆኖ ማን አዲስ ልብስ ይገዛል?

ማታ ማታ በስልክ እንጨቃጨቃለን። እሱ «ሰው በበሽታው ሳይሆን በረሃብ ያልቃል» ይላል። እኔ «የሞተ ሰው አይገበያይም» እላለሁ። እሱ «አንቺ ደሞዝ አለሽ» ይላል። እኔ «አንተ እናት አለችህ» እላለሁ። አንድ ቀን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። ሦስት ቀን አልተደዋወልንም።

አገሪቱ እንደ ጣሊያን አልዘጋችም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት የሌለው ብዙ ዜጋ እያለ እንደበለጸጉት አገሮች ሙሉ በሙሉ መዝጋት እንደማይቻል ያኔ ተናግረው ነበር። እኔ በዚያ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው እሱ አባባል ከእኔና ከወንድሜ ጭቅጭቅ ይልቅ ለእትዬ ይቀርባል። እኔና ወንድሜ ያን ሁሉ ምሽት ስንከራከር የእሳቸውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳንም።

የደወልኩላቸው ከአዋጁ በፊት ነው። «እትዬ፣ ለጊዜው አይምጡ። ለእርስዎም ለእኛም ጥሩ አይደለም» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» አሉኝ። ዝም አሉና «እስከ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እስኪላላ» አልኩ።

እስኪላላ። ይህች ቃል ነች ዛሬ ማሽኑ አጠገብ ያቆመችኝ። ለእኔ ቀላል ነበረች። እስኪላላ ማለት ጥቂት ወር በፒጃማ መሥራት ነው። ለእሳቸው ግን ሁለት ቀን በሳምንት፣ በቀን 150 ብር፣ በወር 1,200 ብር ነው። ሌላ ሁለት ቤትም ያጥቡ ነበር። እነሱም እንደ እኔ «ለጊዜው» ብለዋቸዋል።

የመጀመሪያውን ወር ሙሉውን ላክሁላቸው፣ በጎረቤታቸው ልጅ የባንክ ደብተር። ሁለተኛውን ወር ግማሹን። ከዚያ ቀረ። ላቁም ብዬ የወሰንኩበት ቀን የለም። አንድ ሳምንት ረሳሁ፣ በሌላው ሳምንት አፈርኩ፣ ከዚያ ዝም አልኩ። እሳቸውም ደውለው አልጠየቁኝም።

አዋጁ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ከልክሎ ነበር። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። ዜናውን ስሰማ ደስ ብሎኝ ለወንድሜ «ይኸው፣ ለድሃው ታስቦለታል» ብዬዋለሁ። እኔ ራሴ አሠሪ መሆኔ ትዝ አላለኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ቢሆን በሰው ቤት የሚሠራን አይሸፍንም። እትዬ ውል የላቸውም፣ ፊርማ የላቸውም። አላሰናበትኳቸውም እንዳልል የሚያግደኝ አንድም ወረቀት የለም። «አይምጡ» ያልኩበት ስልክ ብቻ ነው ያለው።

ማዕድ ማጋራት ሲባል ደግሞ ዘይትና ፓስታ ገዝቼ ወረዳ አስረክቤያለሁ። በዚያ ቀን ልቤ ሞልቶ ነበር የተመለስኩት። አምስት ሊትር ዘይት ተሸክሜ ወረዳ ስሄድ እትዬ በየት በኩል እንደሚኖሩ አውቅ ነበር። ከድልድዩ ወደ ታች፣ ወንዙ ዳር።

ሐምሌ ላይ ልብሱ አሰለቸኝ። አንሶላ መጭመቅ አቃተኝ፣ የእጄን አንጓ አመመኝ። ማሽን ገዛሁ። 14 ሺህ ብር። ለእትዬ አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ክፍያቸው ማለት ነው። ይህንን ሒሳብ ያኔ አልሠራሁትም። ዛሬ ነው የሠራሁት።

ከዚያ ይላላ አይላላ የሚለው ክርክር ተጀመረ። ትምህርት ቤት ይከፈት፣ አይከፈት። ሠርግ ይፈቀድ፣ ይከልከል። ነገሩ ግራ ያጋባ ነበር። አዋጁ ሲወጣ በአገሪቱ የተመዘገበው ታማሚ ከ60 አይበልጥም ነበር። አዋጁ ጊዜው አልቆ ሳይታደስ ሲቀር፣ ወደ ጳጉሜን ግድም፣ ቁጥሩ ከ50 ሺህ አልፏል። በነሐሴ የምርመራ ዘመቻ ስለነበር የቁጥሩ መብዛት ከዚያም የመጣ ነው። ቢሆንም ጥቂት ሲታመም ተከትተን፣ ብዙ ሲታመም ወጣን። ወንድሜ «መጀመሪያም አያስፈልግም ነበር» አለ። እኔ «ያ ጊዜ ባይገኝ ሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ አይዘረጋም ነበር» አልኩ። አሁንም እንዲሁ ነው የማምነው። ያ ጊዜ ጠቅሟል። እናቴ ዛሬ አለች። ነገ እንደዚያ ያለ በሽታ ቢመጣ አሁንም ተጠንቀቁ፣ ተራራቁ እላለሁ።

ግን ያ ጊዜ በማን ገንዘብ ነው የተገዛው?

መስከረም 3 ቀን 2013 በር ተንኳኳ። እሁድ ነበር፣ ቀናቸው ነው። እትዬ አደይ አበባ ይዘው ቆመዋል። በጨርቅ የተሰፋ ማስክ አድርገዋል፣ ከመታጠብ ብዛት ነጥቷል። ከስተዋል። ልጨብጣቸው አልቻልኩም፣ እሳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው «እንኳን አደረሰሽ ልጄ» አሉኝ። ርቀቱን ከማንም በላይ በትክክል ጠብቀዋል።

«ላላ ሲሉ ሰማሁ» አሉ። «ሐሙስ ልምጣ ወይስ ዛሬውኑ ልጀምር ብዬ ነው።»

መልስ ሳልሰጥ ማሽኑ መጭመቅ ጀመረ። ያን ጊዜ እንደሚያደርገው ወለሉን እያንቀጠቀጠ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ማሽን ነው እትዬ። የልብስ።»

«እ» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ጥሩ አደረግሽ። እጅሽ ተገላገለ» አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በርጩማ አውጥቼ ደጅ አስቀመጥኩላቸውና ቡና ሰጠኋቸው። ቤት ግቡ አላልኩም፣ እናቴ ውስጥ ነበረች። ቡናውን በአንዴ ጨለጡት። ጨዋታ አልነበረም። ሲነሱ 200 ብር «ለበዓል» ብዬ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ጣቶቻችን ተነካኩ። ደረጃውን ሲወርዱ እጄን በሳኒታይዘር አሸሁ። የመጀመሪያው ፎቅ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩ። አይተውኝ ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በዝግታ ተረሳ። ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤቶች በየተራ መከፈት ጀመሩ። የካቲት 28 ክትባቱ ቦሌ ደረሰ። የታክሲው ወንበርም ሞላ፣ መጨባበጡም ተመለሰ፣ ማስኩ ከአፍንጫ ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ኪስ ወረደ። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ዓለም አቀፉ የጤና አስቸኳይ ጊዜ አበቃ ብለው ሲያውጁ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነበር። ወንድሜ ደውሎ «በይ፣ አለቀ» አለኝ። ለእኛ አዎ፣ አለቀ። እሱ ሱቁ አለ። እኔ ቢሮ ተመለስኩ። ለእትዬ ግን ማን ነው ደውሎ አለቀ የሚላቸው? እስኪላላ ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አዋጁ ላልቷል፣ እኔ ቤት ግን ማሽኑ ቆሟል።

ዛሬ ሻዬ ቀዝቅዞ ስልኬን አወጣሁ። «እትዬ ልብስ» ብዬ ነው የመዘገብኳቸው። ደወልኩ። አንድ ወጣት አነሳው። «ተሳስተሻል እህቴ፣ ይህን ቁጥር ከያዝኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል» አለኝ። ይቅርታ ብዬ ዘጋሁ።

ሰፈራቸው ልሂድ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከድልድዩ ወደ ታች ያሉት ቤቶች ባለፈው ዓመት ለወንዝ ዳር ልማቱ ተነስተዋል። ሰዉ ወደየት እንደሄደ የሚያውቅ ይኖራል። ወረዳ ሄጄ መጠየቅ እችላለሁ፣ እድራቸውም ተበትኗል ብዬ አላምንም። የሁለት ወር ተኩልም ሆነ የዓመት ዕዳ ካለብኝ እከፍላለሁ። ጉልበት አላጣም፣ ገንዘቡንም አላጣም።

ግን ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? አራት ዓመት ቤቴ ገብተው ወጥተዋል። የአንሶላዬን ቀዳዳ ሳይቀር ያውቁታል። እኔ የማውቀው እትዬ የሚለውን ብቻ ነው። ስማቸው ማን ነበር?