ቤቱን ያየሁት በመስከረም ነበር

መስከረም 2012 ላይ ቤት ፍለጋ ደብረ ብርሃን ስሄድ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ነበር። ፀሐይዋ ደስ ትላለች። ደላላው የወሰደኝ አዲስ የብሎኬት ቤት ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ግቢው ንጹሕ። ሁለት ክፍል ከማድ ቤት ጋር 2,500 ብር። እኔ ያኔ አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ለአንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም 7,000 ብር እከፍል ነበር። አከራዬም ከጥቅምት ጀምሮ 8,500 እንዳደርገው ነግሮኛል። ሰውዬው የስድስት ወር ቅድሚያ ሲለኝ እንኳ አላንገራገርኩም። ቆጥሬ ሰጠሁት።

ከዚያ ህዳር ገባ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባም ደጋ ናት፣ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ግን ከኛ ሰፈር ወደ 400 ሜትር ያህል ከፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ሴራሚኩ ላይ በባዶ እግሬ የቆምኩ ዕለት ነው። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። በባልዲ ያደረ ውሃ እጅ ይቆርጣል። የአራት ዓመት ልጄ በየማታው «ቤታችን እንሂድ» ትላለች። ቤታችን ይሄ ነው ስላት ዙሪያውን አየት ታደርግና ዝም ትላለች። ባለቤቴ ዝም አላለችም።

እዚህ ከተማ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለው የበግ ሱፍ ስላለ ነው ይላሉ። እኔ ሌላ ምክንያት ሳይኖር አይቀርም ባይ ነኝ።

ወደ ኋላ ልመለስ። የምሠራው ሒሳብ ነው። የትናንሽ ነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ፣ ቫት አሳውቅላቸዋለሁ፣ በግብር ሰሞን አብሬያቸው እሯሯጣለሁ። ያኔ አሥራ አንድ ደንበኞች ነበሩኝ፣ ሁሉም አዲስ አበባ። ሥራው አብዛኛው በላፕቶፕ ነው። ታዲያ ለምን ገቢዬን ለቤት ኪራይ እገብራለሁ አልኩ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ በሚኒባስ ጠዋት ተነስቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ደብተር አወጣሁና በግራ በኩል የአዲስ አበባን ወጪ፣ በቀኝ በኩል የደብረ ብርሃንን ጻፍኩ። ኪራይ፣ ታክሲ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ምሳ። ልዩነቱ በወር 6,400 ብር መጣ። ባለቤቴን ያሳመንኳት በዚያ ደብተር ነው። እስካሁን አላጠፋሁትም፤ እሷ አታስጠፋኝም።

የሰው ሒሳብ እየያዝኩ ስኖር የራሴን እንደዚያ ስቼ አላውቅም።

ስህተቱ ከጉዞው ቀን ጀመረ። አይሱዙ ተከራየሁ፣ ዋጋውን ተስማማሁ። ጫኝና አውራጅን ግን ረስቼዋለሁ። ሲኤምሲ ሲጫን አንድ ቡድን፣ ደብረ ብርሃን ሲወርድ ሌላ ቡድን። ዕቃውን ያወረዱት አምስት ናቸው፤ የተከራከሩኝ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ከዚያ የደላላው አለ። ከዚያ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ። ለሦስት ወር አጠራቅመዋለሁ ያልኩት ብር በአንድ ሳምንት ሄደ።

መሸኛም ነበር። ከወረዳችን መሸኛ ሳልይዝ ነው የወጣሁት፤ መቼም አላስታወስኩትም። አዲሱ ቀበሌ ደግሞ ያለ መሸኛ መታወቂያ አይሰጥም። ልክ ናቸው። ለአንዲት ወረቀት ሁለት ቀን አዲስ አበባ ተመላለስኩ። እናንተ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት አውጡ።

ወደ ቤቱ ስመለስ፣ ያዳነን የጎረቤት ቡና ነው። ከግቢያችን ጀርባ የሚኖሩ አንድ እናት አሉ፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ባለቤቴ በብስጭት እያለቀሰች አገኟትና ቡና ጠሯት። ማታ እኔም ሄድኩ። ቤታቸው የጭቃ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። መስኮቱ ትንሽ ናት፣ የጠዋት ፀሐይ ግን ቀጥ ብላ ትገባለች። ጃኬቴን አወለቅሁ። ጥቅምት ካለቀ ወዲህ ቤት ውስጥ ጃኬት ሳወልቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እንግዲህ ልጄ» አሉኝ፣ «ብሎኬቱን ያየኸው በቀን ነዋ።»

«አዎ እትዬ።»

«ቤት በሌሊት ነው የሚታይ።»

ጥር ላይ እሳቸው ግቢ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ተለቀቀ። 1,800 ብር። ገባን። የብሎኬቱ ባለቤት የቀረውን የሁለት ወር ኪራይ እንዲመልስልኝ ለመንኩት። አልመለሰም። ያኔ የሚይዘው ሕግ አልነበረም። አሁን አለ፦ በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም፤ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። በተግባር ስድስት ወር የሚጠይቃችሁ አይጠፋም። አዋጁ በከተማችሁ የሚሠራ ከሆነ ግን ቢያንስ የምትከራከሩበት ነገር አላችሁ።

እትዬ አንድ ባና አዋሱን። ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ መጀመሪያ ቆዳ ይበላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስዳል። ማሞቂያ ልገዛ ዋጋ እየጠየቅሁ ነበር፤ ተውኩት። የመብራት ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ማሞቂያ ቢገዛ ጠቡም አብሮ ይገዛ ነበር።

ምግብ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ገጠር ቅርብ ስለሆነ ሁሉም ርካሽ ይመስላችኋል። አይደለም። ጤፉ ከምንጃር ነው የሚመጣው፤ ምንጃር ሰሜን ሸዋ ቢሆንም ጤፉን አዲስ አበባ እንደ ልቧ ትገዛዋለች። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ዋጋው ብዙም አይወርድም። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዳይፐር ደግሞ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ስለሚመጣ እንዲያውም ይጨምራል። ርካሹ አካባቢው የሚያበቅለው ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴ፣ ድንች፣ ወተት፣ በግ። እኛ ግን የመጣነው የአዲስ አበባ ሆዳችንን ይዘን ነው። ፓስታ፣ ነጭ ጤፍ፣ የሱፐርማርኬት እርጎ። የመጀመሪያው ዓመት የአስቤዛ ወጪያችን ከአዲስ አበባው የቀነሰው ለስም ያህል ነበር።

መግዛት ያስተማሩን እትዬ ናቸው። እህል የሚገዛው አውድማ ሲገባ፣ ከታህሳስ እስከ ጥር ነው። ነሐሴ ላይ የሚገዛ ሰው ይታዘንለታል። እኛ በኪሎ ስንገዛ ሲያዩ እትዬ ሳቁ። አሁን ገብስና ባቄላ የዓመቱን አንድ ላይ አስገባለሁ። ጠዋት በሶ ወይም ቂንጬ ነው። እንጀራውም ጤፍ ከገብስ ጋር እየተቀየጠ ነው፤ ልጄ ልዩነቱን አታውቀውም፣ እኔ አውቀዋለሁ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወጣበትን ሰሞን ጠብቀን እንገዛለን። በግ ለፋሲካ የምንገዛው ሦስት ሳምንት ቀደም ብለን ነው፤ ግቢ ውስጥ ይከርማል። አንድ ዓመት ልጄ ስም አወጣችለትና ፋሲካውን በእንቁላል አሳለፍነው። ያንን ኪሳራ በየትኛው መደብ እንደምጽፈው አላውቅም።

የቀነሰልኝ ትልቁ ነገር ግን ደብተሬ ላይ ጭራሽ ያልጻፍኩት ነበር። የመውጣት ወጪ። አዲስ አበባ ከቤት ከወጣሁ ብር ሳላወጣ አልመለስም ነበር፤ ታክሲ፣ ማኪያቶ፣ አንዱን ደንበኛ ስጠብቅ ምሳ። እዚህ ጠባሴ ሰፈር ካለው ቤታችን ገበያ በእግር እሄዳለሁ፤ ሲደክመኝ ባጃጅ አለ። ቡና የሚጠጣው ጎረቤት ጋ ነው። ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም። ዛሬ እነሱ፣ ነገ እኛ። እድርም ገባን። መጀመሪያ ወጪ መስሎኝ ተነጫነጭኩ። አማቴ ሲሞቱ ድንኳኑን ማን እንደተከለ፣ ለእንግዳው ወጡን ማን እንደሠራ አየሁ።

በዝምታ የበላኝ ደግሞ መንገዱ ነው። በወር አንድ ጊዜ እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ ሦስትና አራት ጊዜ ሆነ። አንዱ ደንበኛ ደረሰኝ ጠፋብኝ ይላል፣ ሌላው «አንተ ካልመጣህ አልፈርምም» ይላል። ላምበረት መናኸሪያ የሚያውቀኝ ወያላ በዝቷል። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ፤ መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች፣ ማለትም ትንንሾቹ ነጋዴዎች፣ ወሩን ሙሉ ይከፍሉ ስለነበር እኔ ወንድሜ ቤት ሶፋ ላይ ነበርኩ። የዓመቱን ስደምር መንገድ ከኪራይ ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቁ ወጪ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ዓመት ቁጠባዬ በአማካይ በወር 2,100 ብር ነበር። ደብተሩ ያለው 6,400 ነው።

ከዚያ ሥርዓት አበጀሁ። መርካቶ ያሉት ደንበኞቼ ደረሰኛቸውን አንድ ሱቅ እንዲያስቀምጡ ተስማማን። የማውቀው ሾፌር ከረጢቱን ያመጣልኛል። በዚህ ያልተስማሙ አራት ደንበኞች ሄዱ። ከፋኝ፣ ግን የሄዱት በጣም የሚያመላልሱኝ ነበሩ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ደግሞ ስድስት ሱቆች ያዝኩ። የሚከፍሉት ከአዲስ አበባው ግማሽ አይሞላም። ይህን አስቀድሜ ላሰምርበት ይገባ ነበር፦ ትንሽ ከተማ ስትገቡ ወጪ ብቻ አይደለም የሚያንሰው። ገቢያችሁ ከአዲስ አበባ ካልመጣ ሒሳቡ ሌላ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ የጎረቤት ልጅ አለች። ለሷ ደብረ ብርሃን ርካሽ ከተማ አይደለችም። እንዲያውም ኪራዩን ያስወደድንባት እኛ ነን፤ 2,500 ሲባል ሳልከራከር የምቆጥር እንደኔ ዓይነት ሰው። ይህን ነገር ሳስበው አይመቸኝም።

ደብተር የማይዛቸው ነገሮችም መጡ። ህዳር 2014 ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ ልጄንና ባለቤቴን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ሦስት ሳምንት ወንድሜ ቤት ተቀመጥን። እትዬ አልሄዱም። «በጎቹን ለማን ጥዬ» አሉኝ። ስንመለስ ከተማዋ በተፈናቃይ ወገን ተሞልታ ነበር።

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ደረጃ ለ፣ ማለትም መካከለኛ ነጋዴዎች፣ ግብር የሚከፍሉበት ሰሞን ነበር፤ እስከ ጳጉሜን ያልከፈለ ቅጣት ነበረበት። የኔ ሥራ በሙሉ የሞባይል ዳታ ላይ ነበር። ላፕቶፔን አንግቤ መንገዱ ሰላም መሆኑን እየጠየቅሁ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ጳጉሜንን እዚያው ጨረስኩ። ያን ዓመት ምንም አላጠራቀምኩም። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ለመጨረሻው ሳምንት አላስተርፍም። ደንበኞቼ ነሐሴ ሳይገባ ወረቀት ስጡኝ ስላቸው ይስቃሉ። ይሳቁ።

መመለስ አስበን እናውቃለን ወይ? ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ አዲስ አበባ ሄደን ቤት ጠይቀን፣ ዋጋውን ሰምተን፣ ሸኖ ላይ ቅቤ ገዝተን ተመልሰናል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ዓመት «ማን አለኝ እዚህ?» ትል ነበር። አሁን ሰኞ ሰኞ እቁብ ሰብሳቢ ናት፤ እኔ እንኳ ስዘገይ ትቀጣኛለች።

ባለፈው ሳምንት የሲኤምሲ ጎረቤቴ ደወለ። አከራዩ ልቀቅ ብሎታል። ደብረ ብርሃን ቤት አይተህ ንገረኝ አለ።

«ህዳር ላይ ና» አልኩት። «አንድ ሌሊት እኛ ጋ እደር፣ ከዚያ ወስን።»

«እስከ ህዳር ማን ይጠብቀኛል? በመስከረም ውጣ ነው የተባልኩት።»

ምን እላለሁ። ቅዳሜ ና አልኩት። ደላላ እንዳይዝ፣ መሸኛውን አሁኑኑ እንዲጀምር ነገርኩት። ለእትዬም ነገርኳቸው፤ የጭቃ ቤት እያፈላለጉ ናቸው።