አናቷ ኩፍ ያለችው ካፓሲተር

ደብረ ብርሃን፣ ትናንት ማታ። የእማዬ ቴሌቪዥን ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አልነሳ ብሏል። ሠሪው ጋ ወስጄው «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ» ተብያለሁ።

ሶኬቱን ነቅዬ ቆየሁ። ካፓሲተር፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅመው ትንሽ ዕቃ፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በዚህ ቀልድ የለም! ከዚያ ጀርባውን ፈታሁ። ለቴሌቪዥኑ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ፓወር ቦርድ ላይ የሌሎቹ ካፓሲተሮች አናት ጠፍጣፋ ነው። የአንዷ ግን እንደ ድፎ ዳቦ ኩፍ ብሏል፤ የመበላሸት ምልክት ነው። 1000 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ይላል ጎኗ። ከአሮጌ ዲኮደር ተመሳሳዩን አውጥቼ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አይቼ በሊድ በየድኩት።

ተነሳ!

እማዬ ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ አሮጌዋን ካፓሲተር መዳፏ ላይ አገላበጠቻት። «በዚች ፍሬ ነው ሁለት ወር የተቀመጥነው?» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ በየቤቱ ቆጥ ላይ የተሰቀሉት ቴሌቪዥኖች ሲታሰቡኝ አደሩ።