ጥቅምት 12 የቱ?

ቤሩት 9 ዓመት ስሠራ ቀን የምቆጥረው በፈረንጅ ነበር። ደመወዝ በፈረንጅ፣ ኮንትራት በፈረንጅ፣ የወር አበባዬም ሳይቀር። አገር ቤት ገብቼም ልማዱ አልለቀቀኝም።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በገባን በዓመቱ አረገዝኩ። ጤና ጣቢያ ነርሷ "የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?" አለችኝ። "ጥቅምት 12" አልኳት፣ ጻፈች። እኔ ያልኩት ኦክቶበር 12ን ነው፤ በእኛ ጥቅምት 2 መሆኑ ነው። አሥር ቀን እዚያው ጠፋ፤ ሁለታችንም አልነቃንም።

ለአልትራሳውንድ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። አማቴ "ጨረር ነው፣ ልጁን ይጎዳዋል" ብለው ነበር። ራጅ አይደለም፤ የድምፅ ሞገድ ነው። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር፦ "ውሃ ጠጪ፣ ሽንትሽን ያዢ" ስላሉኝ አንድ ሊትር ጠጥቼ ታክሲ ውስጥ ነኝ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደርሼ ስተኛ ሐኪሙ "እርግዝናው ገና ስለሆነ በታች በኩል ብናየው ይሻላል፤ ሽንት ቤት ሄደሽ ነይ" አይለኝም! በሆድ በኩል ሲሆን ፊኛ ይሞላል፣ በታች በኩል ሲሆን ባዶ ይሆናል። ቀድማችሁ ጠይቁ። መሣሪያው ቀጭን ነው፤ ኮንዶም አልብሰው፣ ጄል ቀብተው ነው የሚያስገቡት። ሴት ነርስ አብራ እንድትቆም መጠየቅ ነውር የለውም። ድንግል የሆነች ልጅ ደግሞ ቀድማ ትናገር፤ በሆድ በኩል ያዩላታል።

ሐኪሙ ጽንሱን ለካና ካርዴን አየ። "እዚህ 8 ሳምንት ከ4 ቀን ይላል፤ እኔ ጋ 10 ሳምንት ሞልቷል። ቀኑን በማን አቆጣጠር ነው የነገርሻቸው?" ሳቄ መጣ። የመውለጃ ቀኔን ሐምሌ 12 ብሎ አስተካከለው።

ቀጥሎ "ማዮማ እንዳለሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ፤ የማህፀን እጢ ማለቱ ነው። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ቤሩት ሆዴን ሲያመኝ ማዳም ክሊኒክ ወስዳኝ ነበር። ሐኪሙ ስክሪኑን እያየ ከእሷ ጋር በፈረንሳይኛ ረጅም አወሩ። መኪና ውስጥ ስጠይቃት "ማ ፊ ሺ" አለችኝ፤ ምንም የለም ማለቷ ነው። ያኔም ነበረብኝ? ወረቀት አልሰጡኝ፣ በምን ልወቅ? የቱሉ ዲምቱው ሐኪም ግን ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና እጢውን አሳየኝ። ማዮማ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ብዙ ሴቶች ከነማዮማቸው በሰላም እንደሚወልዱ፣ እየተከታተልን እንደምናየው ነገረኝ። ያንን ቀን ሁሉንም አስጽፌ ወጣሁ።

ወረቀቱ በስምንተኛው ወር ጠቀመኝ። ሌላ ቦታ አልትራሳውንድ ብነሳ ማሽኑ የመውለጃ ቀኔን ነሐሴ 1 አደረገው። እናቴ እንደ እመቤታችን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን እየቆጠረች ነበርና ግራ ገባት። ጽንስ መጀመሪያ ላይ እድገቱ ተመሳሳይ ስለሆነ ልኬቱ ቢሳሳት በቀናት ነው። መጨረሻ ላይ ግን አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ይሆናል፤ እስከ ሦስት ሳምንት ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው የተያዘ ቀን በኋለኛው አይቀየርም። የድሮውን ወረቀት አወጣሁ፤ ሐኪሟ አይታ ነሐሴን ሰረዘችው።

ልጄ ሐምሌ 10 ተወለደች። ወረቀቱ አሁንም ከፓስፖርቴ ጋር በአንድ ፌስታል ነው።