ዳመናው ደንገጎ ላይ ነው

ክፍላችን ውስጥ 11 ነን። ስንጀምር 14 ነበርን። የውሃ ምህንድስና እንማራለን፤ ዘንድሮ አራተኛ ዓመት ነን። ግቢያችን ትንሽ ነው። ከዋናው በር እስከ መጨረሻው ዶርም አምስት ደቂቃ አያስኬድም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጫማዬን ገና አላወለቅሁም፤ ውስጡ አሸዋ ሞልቶታል። ቀኑ ሳይቀዘቅዝብኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት። ድሬዳዋ የገባሁ ቀን ሹራብ ለብሼ ነበር። ሙቀቱን ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ትንሽ ክፍል ውስጥ መማርን ለመልመድ ግን ከዚያም በላይ ፈጀ። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸው የሰፈሬ ልጆች በአንድ አዳራሽ መቶ ሆነው ይማራሉ። ኋላ ተቀምጦ መተኛት ይቻላል፣ መቅረትም ይቻላል። እኛ ጋ ኋላ የሚባል ነገር የለም። ሁለት መደዳ ወንበር ነው ያለው። አንድ ቀን ብትቀር ማታ ካፌ ስትሰለፍ "ምነው፣ አሞህ ነበር?" የሚልህ አታጣም።

ሃንድአውቱ በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው በአማርኛ ይጠየቃል። ክርክሩ ሲጦፍ ኦሮምኛ ይገባል፣ ስልክ ሲመጣ ደግሞ ሶማልኛ። የድሬ ልጆች ቋንቋ ሲቀይሩ ልብ እንኳን አይሉትም። እኔ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። አሁን አሁን ግማሹ ይገባኛል፤ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የሃይድሮሎጂ ሚድ ከ30 ዘጠኝ አመጣሁ። ቲቸር ወረቀቱን ሲሰጠኝ ምንም አላለም። ሁሉም ከወጣ በኋላ ግን በር ላይ ጠበቀኝ። "ቀመሩን ሸምድደኸዋል። ውሃውን ግን አላየኸውም" አለኝ። ሌላ ቢሆን ይቆጣኝ ነበር። እሱ በሚቀጥለው ቀን ሥራ ሰጠኝ። ዶርም ውስጥ የምንሻማባት የውሃ ማፍያ አለች። ውስጧን ነጭ ቅርፊት ሸፍኖታል። "እሱን ፍቀህ አምጣ" አለኝ። በማንኪያ ፍቄ በወረቀት ጠቅልዬ ወሰድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈውና ግማሽ ሎሚ ጨመቀበት። ቅርፊቱ ሽሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ። የድሬ ውሃ ከመሬት ሥር ነው የሚወጣው። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ድንጋዩን ትንሽ ትንሽ እያሟሟ ይመጣል። ስናፈላው ያ ድንጋይ ማፍያው ላይ ይቀራል። ለሁለት ዓመት ስጠጣው የነበረ ነገር ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ ሃይድሮሎጂ አልከበደኝም።

ዘንድሮ የጎርፍ ስሌት እየተማርን ነው። ቲቸር ቅዳሜ ጠዋት ደቻቱ እንወርዳለን ሲል ጥቂቶቻችን አጉረምርመን ነበር። የመውጫ ፈተና አለብን። ከ2015 ወዲህ 50 ያላመጣ ዲግሪ የለውም። ሁሉም የቆየ ጥያቄ ሲያሳድድ ነው የሚውለው። ወንዝ ወርዶ አሸዋ መለካት ጊዜ ማባከን መሰለን።

ደቻቱ ሲደርቅ ወንዝ አይመስልም። ሁለቱን የከተማዋን ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለይ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። የከፍታ መለኪያውን መሣሪያ፣ ሌቭሉን፣ ተክለን፣ ሜትር ዘርግተን ወርዱንና ቁልቁለቱን ለካን። ቲቸር የፍየል ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ በእግሩ ነካ አደረገና "ይሄን እዚህ ማን አመጣው?" አለ። ማንም አልመለሰም። መልሱን ሁላችንም አውቀነዋል።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ የድሬ ልጅ ናት፣ የመጋላ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ 98ቱ ጎርፍ አንድም ቀን አውርታ አታውቅም። እኛም አልጠየቅናትም። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ ደጋው ላይ ዘነበ፣ ውሃው ግን ሰው በተኛበት ከተማዋ ውስጥ ገባ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ይሄን ሃንድአውቱ ላይ በሁለት መስመር አንብቤው ነበር። ለፈተና ያሰመርኩበትም ቀኑን ነበር።

ከወንዙ ዳር አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ቲቸር ጠጋ ብሎ "አባባ፣ ያኔ ውሃው የት ድረስ ደረሰ?" አላቸው። ብድግ ብለው አሮጌ የቤት ግድግዳ ጋ ሄዱ። እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሰም። ከዘራቸውን አንስተው ጫፉን ግድግዳው ላይ አሳረፉት። "እዚህ" አሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የከዘራው ጫፍ ግን ካሳዩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። እኛ ሜትሩን ከሥር ወደ ላይ ዘረጋን። ከእኔ ቁመት በላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ከክፍላችን ረጅሙ ነኝ።

ያኔ ነው የተናገረችው። "እማዬም እዚያው ነው የምታሳየው" አለች። ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷ በነጠላ አዝላት ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጣች። አያቷን መልሰው አላገኟቸውም። ይሄን ስትነግረን ሜትሩን አልለቀቀችም። ሌሎቻችን የምንለው ጠፋን። ሽማግሌው "አይዞሽ ልጄ" አሏትና ተመልሰው ጥላቸው ሥር ተቀመጡ። እኔ ቀና ብዬ የከዘራቸውን ምልክት አየሁ። ክፍል ውስጥ ያንን ቁጥር የጎርፍ ከፍታ ነው የምንለው።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኳ ጮኸ። ድምፁ እኛም ጋ ይሰማል።

"የት ነሽ?"

"ደቻቱ ነኝ እማዬ፣ ለትምህርት።"

"ውጪ! ዳመናው ደንገጎ ላይ ነው። አሁኑኑ ውጪ!"

ከእኛ በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐረር መንገድ ዞረን ስናይ ግን ተራራው ጠቁሯል። ማክሰኞ የተማርነው ይሄንኑ ነበር። ከተፋሰሱ ሩቅ ጫፍ የዘነበ ውሃ መውጫው ጋ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል የሚለውን ነው። ሰሌዳ ሞልቶ የተረፈ ቀመር አለው። እናቷ ቀመሩን አልሰሙም። ሚያዝያ በገባ ቁጥር ግን በቀን ሦስቴ ይደውሉላታል። እስከ ዛሬ እናት ስለሆኑ የሚጨነቁ ነበር የሚመስለኝ።

ቲቸር ሰሌዳ ላይ እንዳለ ቁጥር ስልኩን ትኩር ብሎ አየ። "ሰብስቡ" አለ። ሌቭሉን ነቅለን፣ ሜትሩን ጠቅልለን ወጣን። ከጎርፉ በኋላ የተሠራው ግንብ አጠገብ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ቀይ አበባው መሬቱን አልብሶታል። ሳምቡሳ ገዝተን በላን። ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ጮኸን አስወጣናቸው። ትንሽ ሰደቡን፣ ከዚያ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ።

ስልኩ ከተደወለ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ሲል ውሃው መጣ። ትልቅ አይደለም። ቡናማ፣ ቀጭን ውሃ ነው፤ ከፊቱ አረፋና የፕላስቲክ ጠርሙስ እየገፋ ይሳባል። ቁርጭምጭሚት ቢደርስ ነው። ሌቭሉን የተከልንበትን ሦስት ጉድጓድ አንድ በአንድ ሞላቸው። የእግራችን ዱካም ጠፋ። ማንም ምንም አላለም።

ቲቸር ሰዓቱን አየ። "ስንት ደቂቃ ነው? መዝግቡት" አለን። መነሻችን ስልኩ የተደወለበት ሰዓት ነበር፤ ሌላ መነሻ አልነበረንም። ጓደኛዬ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ደቂቃውን ሞላች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ደወለች። "እማዬ፣ መጥቷል። ወጥተናል፣ አይዞሽ" አለቻት። ስትዘጋ አየኋት። "የመረጃ ምንጭ" በሚለው ዓምድ ሥር፣ አሳምራ፣ "እናቴ" ብላ ጻፈች።