አንድ ጎራሽ

ዛሬ ሱሉልታ፣ ጋሼ ቤት ቡና ላይ ወሬው ወደ ጠመንጃ ዞረ። ግድግዳው ላይ የአባታቸው ውጅግራ ተሰቅሏል፤ ፈረንሳይ ሠራሽ፣ አንድ ጎራሽ፣ ማለትም በአንዴ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ።

«የአሜሪካኖቹም አንድ ጎራሽ እንዲሁ ነው?» አሉኝ።

አይ ጋሼ! ውጅግራ መዝጊያው ወደ ኋላ ይሳባል። የአሜሪካኖቹ፣ የእነ ሻርፕስ ጠመንጃ ግን ከቃታው ስር ያለውን እጀታ ወደ ታች ሲገፉት፣ ከጥይቱ ጀርባ ያለው ድፍን ብረት ቁልቁል ይንሸራተታል። ጥይቷን በጣት ያጎርሷታል፣ እጀታውን ይመልሳሉ፣ ብረቱ ወጥቶ ጀርባዋን ይደግፋል። ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። መዝጊያ ወዲያ ወዲህ የሚሮጥበት ቦታ ስለማይፈልግ በርሜሉ ሳይቀነስ ጠመንጃው ያጥራል። የአሜሪካው ጠመንጃ ሠሪ ሩገር እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንኑ አሠራር ይዞ ብቅ ማለቱ ለእኔ አይገርምም።

አመል ግን አለው። ቆሻሻ ወይም ያበጠ ጥይት አይወድም። የውጅግራ መዝጊያ ገፍቶ ያስገባዋል፤ ይሄኛው በአውራ ጣት ካልገባ አልገባም። እንጨቱም ለሁለት የተከፈለ ነው። የፊተኛው በርሜሉን ከተጫነ ዒላማ ያስታል።

ጋሼ ሰምተው ሰምተው «አንዷን ከሳትክ አውሬው ቆሞ ይጠብቅሃል?» ብለው ሳቁ።

ለዚህ እኮ ነው አዳኞቹ ሁለተኛዋን በጣቶቻቸው መሃል ይዘው የሚያነጣጥሩት።